አላልቅ ያለ ሃምሳ ብር

የሰፈራችን ቅሬ ስሜን ከመዝገብ ሰረዘ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ።

ያበገነኝ ማስመሪያው ነው። በእጃቸው ጫር አድርገውት ቢሆን «ተናደው ነው» ብዬ አልፈው ነበር፤ ሰው ሲናደድ መስመሩ ይወላገዳል። የኔ መስመር ግን እንደ ሱሪ ስፌት ቀጥ ያለ ነው። የቅሬያችን ዳኛ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማስመሪያውን ከሱቁ ይዞ መጥቶ፣ ለክቶ ነው የሰረዘኝ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ የደሴ ሆጤ ሰፈር ሰዎች እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የምንቀባበረው። ድንኳኑ አንድ፣ አካፋው አንድ፣ ሐሜቱም አንድ። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቆሞ እስከሄደ ድረስ ምንም አይጎድልበትም። የሚጎድልበት ሲጋደም ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በቅሬ ስብሰባ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ስሜ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ማንበብ በቻልኩ በሳምንቱ ከመዝገቡ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከአንድ ሥጋ ሻጭና ከአንድ ዲያቆን መካከል ተቀምጧል። ጣቴን ጫንኩበትና ቆየሁ። ጸሐፊው፣ «ጣትህን አንሳ እንጂ፣ ዲያቆኑን ሸፈንከው» አለኝ። እንግዲህ በማስመሪያ የተሰረዘው ያ ስም ነው። ባልማር ኖሮ መሰረዜን ሰው ነበር የሚነግረኝ። ተማርኩና ራሴ አነበብኩት። ትምህርት ለዚህም ይጠቅማል።

ያስተማሩኝ መምህር ይመር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ፣ አጥራችን የሚገናኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከበረንዳቸው ላይ አስቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በሌላው እጃቸው ስህተቴን እየጠቆሙ አስተማሩኝ። ስጨርስ «ክፍያዎ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«ስሞት ጉድጓዴን አንተ ቆፍረው» አሉኝ።

«ኸረ አላህ ያቆይዎ፣ ምን ያስቸኩልዎታል?»

«እኔ አልቸኮልኩም። እንድሪስን ነው የፈራሁት። የሰፋልኝ ሱሪ ሁሉ ይጠበኛል፤ እሱ ከቆፈረው ደግሞ ለዘላለም ጠቦኝ ልተኛ ነው።»

ሳቅን። ቃል ገባሁ። ሰው ሲስቅ የገባውን ቃል ቀላል ይመስለዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ መቼም ሳልጠይቃችሁም ልትፈርዱብኝ ነው።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጎሚስታ ነኝ። ጧት በሚኒባስ ከደሴ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ጎማው እኔ ደጅ ሲደርስ የሚፈነዳ ይመስል ሥራ አላጣም። የተበሳው ላይ ላስቲክ እለጥፍና በብረት ማጣበቂያው አጥብቄ አስረዋለሁ፤ ከላዩ ካለችው ጎድጓዳ ብረት ውስጥ ናፍጣ ጠብ አድርጌ እለኩሳለሁ። እሳቱ ነዶ እስኪጠፋ ግን ሥራ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን ጊዜ እሳቱን እያየሁ ነበር የማሳልፋት። ምናለ እስከ ዛሬም እሱን ባየሁ!

አንድ ቀን ጎማውን የሚጠብቅ ሹፌር ስልኩን ሲነካካ አየሁት። ፍራፍሬ ይሽከረከራል፤ ሎሚ፣ ሀብሐብ፣ ወይን። «ስሎት ይባላል» አለኝና በእኔም ስልክ ላይ ጫነልኝ። ከመጫወቴ በፊት ግን ደንቡን አነበብኩ። እንዳትስቁብኝ። በአዲስ ዓይን የማነብ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር አይቼ አላልፍም። መምህር ይመር ሁለት ክረምት ደክመውብኝ፣ ከዳር እስከ ዳር ለብቻዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ የቁማር ደንብ ሆነ። መጨረሻው ላይ «በኃላፊነት ይጫወቱ» ይላል። በሕይወቴ ኃላፊነት የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። ተቀበልኩት።

እናም የራሴን ደንብ አወጣሁ፦ በቀን ሃምሳ ብር፣ አንድ እሳት። እሳቱ እየነደደ ብሩ ካለቀ፣ አቆማለሁ። ከሃምሳ አልፌ አላውቅም፤ ሃምሳ አንድ ብዬ አላውቅም። ሚስቴ ሰዓዳ አልወደደችውም።

«ሃምሳ ብር ቲማቲም ነው» አለችኝ።

«ጫት እቅማለሁ?»

«አትቅምም።»

«ሲጋራ አጨሳለሁ?»

«አታጨስም።»

«ታዲያ አንድ ወንድ አንድ ጥፋት ይበዛበታል?»

«የሚቅሙትስ በልተውት፣ የሚያጨሱትም ጢሱን አይተውት ነው። አንተ ምን ታያለህ?»

«ሎሚ» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ድሃ ሰው የሚከስረውን እንኳ በጀት ይዞለት ነው የሚከስረው፤ እኔም ብሩ በየቀኑ በሥርዓቱ ያልቅልኝ ነበር። ሁልጊዜ ከእሳቱ ቀድሞ። አንድ ቀን እንኳ ተርፎኝ አያውቅም፤ ደንቤም ስለመሸነፍ እንጂ ስለማሸነፍ የሚለው ነገር አልነበረም። ጉዱ የመጣው በዚህ በኩል ነው።

መስከረም ውስጥ ነው። ረፋድ ላይ እሳት ለኩሼ፣ ሃምሳዬን አስገብቼ ተቀምጫለሁ። ሰዓዳ ደወለች።

«መምህር ይመር ሄዱ።»

«የት?»

«ሰው ሳይነግር የት ይሄዳል! አኼራ ሄዱ እንጂ! ቀብሩ በቀትር ሶላት፣ ዙህር ላይ ነው። ቤተሰቦቹ አንተ ነህ የምትቆፍረው፣ ቃል አለብህ አሉ። እንድሪስ አካፋ ይዞ ደጃችን ቆሟል፣ ቶሎ ውጣ!»

ስልኩን ስዘጋ ፍራፍሬው ተመልሶ መጣ። እሳቱ ጠፍቷል። ሃምሳዬ ግን ሦስት መቶ አርባ ሆናለች።

ጎማውን ለባለቤቱ ገጠምኩ፣ ሱቄን ቆለፍኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እኔን የጎዳኝ ሁልጊዜም ማሰብ ነው። ሃምሳው የላቤ ነው፤ ሐላል ነው አልኩ። የተረፈው ግን የቁማር ትርፍ ነው፤ ሐራም ነው። እንግዲህ ሐራም ታቅፌ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው ያልወጣውን ሰው ጉድጓድ ልቆፍር ነው? ጎንበስ ስል ከኪሴ እሳቸው ላይ ቢፈስስ? ሳቁ፤ ያን ጊዜ ግን እንደሱ ነበር የታየኝ። ስለዚህ ወሰንኩ፦ ደሴ ሳልደርስ ትርፉን ተሸንፌ፣ ንጹሕ ሆኜ እወርዳለሁ።

መሸነፍ ከባድ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ስሸነፍ ኖሬ የለ!

ትልቁን መደብ ነካሁ። ሦስት ሀብሐብ ገጠመ። ዘጠኝ መቶ። አጠገቤ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ «ማሻአላህ!» አለኝ።

«ዝም በል፣ ሰው ሞቶብኛል።»

«ውርሱ እንዲህ ቶሎ ደረሰልህ?»

እንደገና ነካሁ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጨመረ። ሐረጎ ዳገት ላይ ስንደርስ ኔትዎርክ ጠፋ። ፍራፍሬው መሽከርከሩን ትቶ አንዲት ክብ ነገር ብቻ ትዞራለች። ገንዘቡ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ያው ሐራሙን እንደታቀፍኩ ደሴ ልገባ ነው። እኔ ሞኙ ምን አልኩ? «ወራጅ አለ!»

ረዳቱ «እዚህ? ገደል ላይ?» አለኝ።

«ወራጅ!»

ወረድኩ። በእግሬ ቁልቁል ተመልሼ፣ ኔትዎርክ ያለበት መታጠፊያ ጋ ቆምኩ። እዚያ አንዲት አሮጊት የድንች ጆንያ አስደግፈው መኪና ይጠብቃሉ፤ ለደሴ ገበያ ነው። ሰላምታቸውን በግማሽ አፍ መለስኩና ወደ ስልኬ ጎነበስኩ። አንድ ሺ መቶ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስያዝኩ። ይሂድልኝ አልኩ። እጥፍ ሆኖ መጣ። ከወዲያ ማዶ ካለው መንደር የዙህር አዛን ተሰማ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አንገቴን ደፍቼ፣ ስልኬን እየረገምኩ አለቀስኩ።

አሮጊቷ አዩኝ። «ልጄ፣ ሰው ሞቶብህ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ የሚቀበረው ስልኩ ውስጥ ነው?»

ወደ ስልኬ ተመለስኩ። እሳቸውም እጄን ያዩ ጀመር። እያዩኝ ሦስት ጊዜ ነካሁ፤ በሦስተኛው ዜሮ ሆነ። ወላሂ፣ ገንዘብ ሲጠፋብኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ!» ብዬ ጮህኩ። አሮጊቷ ጆንያቸውን ከእኔ ትንሽ አራቁት።

ከዚያ ደግሞ መኪና ጠፋ። የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቷል። በመጨረሻ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አሳፈረኝ፤ አሮጊቷንም ድንቻቸውንም እኔው ጫንኩ። በቀኑ ያደረግኩት መልካም ነገር እሱ ብቻ ነው። ከሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ፣ ነጭ ሆኜ፣ ንጹሕ ሆኜ ደሴ ገባሁ።

ከመቃብሩ ዳገት ስደርስ ሰዎቹ እየወረዱ ነው። ሁሉም እጁን ያራግፋል። እንድሪስ ከፊት ነው፤ የሱሪው ጫፍ አፈር ብቻ። እኩያዬ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው።

«የት ነበርክ?»

ጎማ ፈንድቶብኝ ነው ማለት እችል ነበር። በዓለም ላይ ያንን ውሸት ለመናገር ከእኔ የተሻለ መብት ያለው ሰው የለም። ግን ንጹሕ ሆኜ ልድረስ ብዬ አይደለም እንዴ ይሄን ሁሉ የሆንኩት? እውነቱን ነገርኩት።

«ገንዘቡ አላልቅ ብሎኝ።»

«የምን ገንዘብ?»

«የቁማር። እያሸነፍኩ ተቸገርኩ።»

የሰማው ሁሉ ቆመ። እንድሪስ የያዘውን አካፋ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው፤ አልመታኝም። «ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩት» አለኝ ብቻ፣ አልፎኝ ወረደ።

ወጥቼ አየሁት። ጠባብ ነበር።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ፤ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ዲያቆኑ «ከቀብር ለቀረ ቅጣት አለው፤ ይቀጣና ይለቀቅ» አለ። እንድሪስ ግን ተነሣ። «ታሞ ለቀረ ሕግ አለን። ሰክሮ ለቀረ ሕግ አለን። አስተማሪው ሞቶ፣ ቃል ገብቶ፣ ገደል ላይ ወርዶ ሎሚ ሲያሽከረክር ለዋለ ሕግ የለንም» አለ። ከዚያ ማስመሪያው ወጣ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ከድንኳን ውስጥ ጠጥተው ተደባድበው በምክር ታልፈዋል። እኔ በዕድሜ ልኬ ከሃምሳ ያላለፍኩት ግን ተሰረዝኩ። ይሄ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ሰዓዳ ስትሰማ አልጮኸችም። ወደ ጓዳ ብቻ አየች። ጓዳው ውስጥ እናቷ ተኝተዋል፤ እማማ ራህማ። አልጋ ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል። ቤቱም የሳቸው ነው።

«እናቴ ዛሬ ብትሄድ ማን ያነሳታል?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኳቸው። በሳሉ ቁጥር እነሣለሁ። ማር ገዛሁ። ነፋስ እንዳይገባ በመስኮቱ ዙሪያ የጎማ ላስቲክ ለጠፍኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ደህና አደሩ» ብዬ የማልፋቸው ሴትዮ ናቸው። እሳቸውም ሞኝ አይደሉም።

«ምነው እንዲህ ወደድከኝ?»

እኔ ውሸት አልችልበትም። «እንዳይሞቱብኝ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ቅሬው እስኪታረቀኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ በል» አሉኝ። «እኔ ከማንም ጋር ቀጠሮ የለኝም።»

ሽማግሌ ላክሁ። እንድሪስ «መጀመሪያ የሟች ቤት አፉ ይበለው» አለ። እነሱ ይቅር ካላሉ እርቅ የለም። ሄድኩ። የመምህር ይመር ባለቤት እትየ ዘይነብ ዒዳ ላይ ናቸው፤ የባላቸው ሐዘን ወራት እስኪሞላ ከቤት አይወጡም። ከበረንዳው ላይ፣ ፊደል ከቆጠርኩበት ቦታ ቁጭ ብዬ በመጋረጃ ነው ያናገርኳቸው።

«እትየ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«አሸነፍክ አሉኝ?»

«አሸንፌ ነበር። ግን ሐራም ነው ብዬ ጨረስኩት።»

«ለድሃ አትሰጠውም ነበር?»

ይሄን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ድንች የያዙት አሮጊት አጠገቤ ቆመው!

«ሃምሳውስ?» አሉ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ሃምሳው ሐላል ነው፣ እትየ። የላቤ ነው።»

«በየቀኑ በሐላል ሃምሳ ሐራም ስትፈልግ ከረምክ፤ ያገኘኸው ቀን ፈራኸው» አሉኝ። «እኔ አፉ ብያለሁ። ቀሪውን መቃብሩ ሄደህ እሱን ጠይቀው።»

ከደጃቸው ሳልወጣ ጨዋታውን ከስልኬ ሰረዝኩት፤ ያለ ማስመሪያ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ወደ መቃብሩ ድንጋይ ተሸከምኩ። ጉድጓዱን ማስፋት አይቻልም፤ የተቀበረ ሰው አይነካም። ዙሪያውን ግን በድንጋይ ሰፋ አድርጌ ከበብኩት፤ ከላይ ሲያዩት ሰፊ ሰው የተኛበት ይመስላል። ሲመሽ አጠገቡ ቆሜ አፉ ይበሉኝ አልኳቸው። መለሱልኝ አልልም። ሬሳ አይመልስም። ጀርባዬን ግን በጣም አመመኝ፤ እሱን እንደ መልስ ቆጠርኩት።

ጥቅምት 14 ቀን ቅሬው ጠራኝ። እንድሪስ መዝገቡን ገልጦ፣ «የተሰረዘ ስም አይመለስም» አለ። «መዝገብ ነው፤ ጎማ አይደለም፣ አይለጠፍም። እንደ አዲስ ግባ።»

«ሃያ ዓመት የኖርኩበትን?»

«እንደ አዲስ። ጻፍ።»

ከመጨረሻው መስመር ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ከእንድሪስ መስመር ጋር ሲያዩት የሰካራም ነው የሚመስለው። ጸሐፊው ቀኑን ከጎኑ ሞላና፣ «አዲስ አባል በገባ በሦስት ወሩ ነው ቅሬ የሚቀብርለት፤ ሕጉን ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። ሕግ ማክበር ነው መቼም የኔ በሽታ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው።

«ሦስት ወር?» አሉ። ጣራውን እያዩ አሰቡ። «ገብስም ከዚያ በላይ አይቆይም። እስቲ እሞክራለሁ።»

ሞከሩም። ጧት ጧት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ቀረ?» ብለው ነው። ሰባ እላለሁ፣ ሃምሳ እላለሁ። ሃምሳ ስል ሳቅ ይሉና፣ «አደራ፣ እሷን እንዳትጫወትባት» ይሉኛል። ታኅሣሥ ላይ መብላት ተዉ። ጥር ሲገባ ድምፃቸው የሚሰማው ጆሮ ሲያስጠጉ ነው።

«ስንት ቀረ?»

«አስር፣ እማማ።»

«አስር...» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተ ደንብ አክባሪ ነህ፤ እኔ ግን ደከመኝ።»

በማግስቱ ማለዳ አረፉ። ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው።

ሰዓዳን ከእህቶቿ ጋር ትቻት፣ የራሴን አካፋና ዶማ ይዤ ለብቻዬ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። ቅሬውን አልጠራሁም። ሕጉን አውቃለሁ፤ ቢጠሩ የማይመጡ ሰዎችን መጥራት ሁለት ጊዜ መሰረዝ ነው። ከመምህር ይመር ድንጋይ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆፈርኩ። መሬቱ የጥር መሬት ነው፣ እንደ ጥርብ ድንጋይ። ጉልበቴ ድረስ ስደርስ ከላዬ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና አልኩ። እንድሪስ ነው። ከሱቁ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ሜትሩ ከአንገቱ ላይ አልወረደም።

ጉድጓዱን አየው። «ጠብቧል» አለኝ።

«አንተ ነህ ስለ ጥበት የምታወራው?»

«ወጣ በልና ከወዲያ ያዝ።»

«እንድሪስ፣ ሦስት ወሩ አልሞላም። ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።»

ኮቱን አወለቀ፤ ልብስ ሰፊ ነውና ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ በወጉ አጣጠፈ፣ ከድንጋይ ላይ አኖረው። ሜትሩንም ከላዩ። ከጀርባው ዲያቆኑና ሥጋ ሻጩ የቅሬውን አካፋ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው፤ ከነሱም ኋላ ሌሎች።

«ዶማውን አቀብለኝ» አለ እንድሪስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ። «ደግሞ ስልክህን ዝጋ።»

አማቴ ለዙህር ተቀበሩ። ጉድጓዱ ሰፊ ነበር።

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.